የሚያስረዳ ሰው በሌለበት፦ የጠረጴዛ ጨዋታ ከመደርደሪያ ላይ እንዴት ይሸጣል?

ገበጣ እንዴት እንደተማራችሁ አስታውሱ። ደንቡን ከወረቀት አንብቦ የጀመረ ሰው አላውቅም። አጎት ወይም ታላቅ እህት አጠገባችን ቁጭ ብለው፣ ጠጠሩን በየጉድጓዱ አንድ በአንድ እየጣሉ፣ "አየህ፣ አሁን ያንተ ተራ ነው" እያሉ ነው ያሳዩን። ዳማም እንደዚሁ ነው። ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ሰሌዳ፣ ሁለት ዓይነት ቆርኪ፣ ከዚያ የሰፈር ልጅ ከበብ ብሎ ያያል። ጨዋታውን የሚያስተዋውቀው የሚጫወተው ሰው ራሱ ነው።

አሁን ደግሞ ጀርመን ወይም አሜሪካ ያለ አንድ የጨዋታ ሱቅ አስቡ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሳጥን ነው። ሳጥኑ ሁሉ በላስቲክ ታሽጓል። አንዲት እናት ለልጇ ልደት ስጦታ ፍለጋ ገብታለች። ሻጩ ሌላ ደንበኛ ይዟል። ጨዋታ ደግሞ እንደ ሽቶ አይሸተትም፣ እንደ ዳቦ አይቀመስም፣ እንደ ጫማ አይለካም። ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ተገዝቶ ቤት ከገባ፣ ሰው ከተሰበሰበ፣ ደንቡ ከተነበበና አንድ ዙር ከተጫወቱት በኋላ ነው። እናትየው ግን አሁን፣ እንደቆመች፣ አንዱን መምረጥ አለባት።

ለጨዋታ የሱቅ ማስተዋወቂያ መሥራት ማለት ይቺን ሴት ማገዝ ነው። ሳጥኑ፣ ፖስተሩ፣ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ካርድ፣ ባንኮኒ ላይ የሚቀመጠው ማሳያ፣ ለባለሱቁ የሚላከው አንድ ገጽ ወረቀት፣ ሁሉም የዚያን አጠገብ ቁጭ የሚል ሰው ሥራ ይከፋፈላሉ። እኔ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ለአንድ ወዳጄ የአማርኛ ፊደል ካርታ ጨዋታ ሳጥን ስሠራ ነው ወደዚህ ዓለም የገባሁት። ያኔ "ቆንጆ ስዕል ካለው ይሸጣል" ብዬ ነበር የማስበው። ስዕል ብቻውን አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ።

ሦስት ርቀት

ገዢው ከሳጥኑ ጋር ሦስት ጊዜ ነው የሚገናኘው። መጀመሪያ ከበሩ አካባቢ፣ ከሦስት ከአራት ሜትር ላይ። እዚያ ሆኖ ቃል አያነብም፤ የሚያየው ቀለምና ቅርጽ ነው። ቀጥሎ በክንድ ርቀት። እዚህ ስሙን ያነባል፣ አንድ ዋና ምስል ያያል። በመጨረሻ ሳጥኑን ያነሳል፣ ይገለብጣል፣ ጀርባውን ያያል። እያንዳንዱ ርቀት ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየውን ወደሚቀጥለው ማምጣት። ከሩቅ ሁሉንም ነገር ለመናገር የሚሞክር ሳጥን ምንም ሳይናገር ይቀራል።

ካታንን እንይ። ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር የፈጠረው፣ ኮስሞስ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1995 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በእ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣው ጨዋታ ነው። በዓለም ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። የብዙ ዓመት መልኩን ከሩቅ ስታዩት ቀይ፣ ብርቱካንማና ቢጫ ነው። ፀሐይ የምትጠልቅበት አገር። ዝርዝሩን ሳታዩ ሙቀቱ ይደርሳችኋል። በእንግሊዝኛ ስሙ መጀመሪያ "የካታን ሰፋሪዎች" የሚል ረጅም ስም ነበር። በ2015 አሳጥረው "ካታን" ብቻ አደረጉት። ለዲዛይነር ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። የሳጥኑ ስፋት አይለወጥም። ቃል ሲቀነስ ግን ፊደል ያድጋል። ፊደል ሲያድግ ደግሞ ሰው ከሩቅ ያነባል። አዲስ ጨዋታ ሠርታችሁ ስም የምትመርጡ ከሆነ፣ ስሙን ከመውደዳችሁ በፊት በሳጥኑ ጠባብ ጎን ላይ ጻፉትና እዩት።

ሌላው የምወደው ምሳሌ ዊንግስፓን ነው። በ2019 የወጣ የወፎች ጨዋታ ነው፣ ፈጣሪዋ ኤልዛቤት ሃርግሬቭ ትባላለች። ሽፋኑ ላይ አንዲት ጅራተ ረጅም ወፍ ክንፏን ዘርግታ ትበርራለች። ዙሪያዋ ሰፊ፣ ፈዘዝ ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። በቃ። ጎራዴ የለም፣ ዘንዶ የለም፣ የሚፈነዳ ነገር የለም። በዚያ መደርደሪያ ላይ ጨለም ያለ ቀለምና የሚዋጉ ሰዎች ሞልተዋል። ሁሉም በሚጮህበት ቦታ ዝም ያለው ይታያል። ሽፋኑ ሌላም ነገር አድርጓል። "ጨዋታ አልወድም፣ ወፍ ግን እወዳለሁ" የሚል ሰውን ጠርቷል። ያ ሰው የጨዋታ ሱቅ ደንበኛ አልነበረም። ለእኔ ሽፋን ማለት ይህን ማድረግ ሲችል ነው። የድሮውን ተጫዋች ከማስደነቅ ይልቅ አዲስ ሰው "ይሄ የኔ ነገር ነው" እንዲል ማድረግ።

ከሦስቱ ርቀት ሌላ ዛሬ አራተኛም አለ፤ የስልክ ስክሪን። በኢንተርኔት ሱቅ ላይ ሳጥኑ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሆኖ ነው የሚታየው። ደግነቱ ፈተናው ከበሩ ርቀት ጋር አንድ ነው። ከአራት ሜትር የሚታወቅ ሳጥን በጥፍር መጠንም ይታወቃል።

ጎኑ ፊቱ ነው

አሁን ብዙ ዲዛይነር የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ፊት ለፊቱ ላይ ወር ሙሉ እንሠራለን፣ ጎኑን በመጨረሻው ቀን እንጨርሰዋለን። ሱቅ ውስጥ ግን ቦታ ውድ ነው። ፊቱን ወደ ደንበኛ አድርጎ የሚቆመው አዲስ የገባው ወይም በደንብ የሚሸጠው ብቻ ነው። ሌላው እንደ መጽሐፍ ጎኑን አሳይቶ ይቆማል፣ ወይም አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል። ስለዚህ ጨዋታው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጎን ላይ ነው።

ጎን አራት ነው። ስሙ አራቱም ላይ መኖር አለበት። ባለሱቁ ሳጥኑን ያቆመዋል ወይስ ያስተኛዋል የሚለውን አታውቁም። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ላይ ሲተኛ እንዲነበብ፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ ሲቆም እንዲነበብ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። የተጫዋች ቁጥር፣ ሰዓትና ዕድሜም ከጎኖቹ ቢያንስ አንዱ ላይ ይግባ። ሳጥኑን ሳይጎትት "ለስንት ሰው ነው?" የሚለውን ያየ ደንበኛ ግማሽ መንገድ መጥቷል።

የሳጥኑ መጠንም ራሱ ማስታወቂያ ነው። ብዙዎቹ የታወቁ ጨዋታዎች ወደ 30 ሴንቲ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 7 የሆነ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው ያላቸው። የቤት ዕቃ ሻጩ የአይኪያ "ካላክስ" የተባለ መደርደሪያ እያንዳንዱ ክፍል 33 በ33 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ተጫዋቾች ቤት በብዛት የምታዩት ይህንኑ ነው። ሳጥኑ እዚያ ከገባ ቤት ውስጥ ቦታ አለው። ካልገባ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወጥቶ ይረሳል። የተረሳ ጨዋታ ለጎረቤት አይታይም፤ ለጎረቤት ያልታየ ደግሞ ሁለተኛ ገዢ አያመጣም። ትልቅ ሳጥን ዋጋው ተገቢ እንዲመስል ያደርጋል፤ ይሄ እውነት ነው። ከፍቶ ግማሹ አየር ሆኖ ያገኘው ሰው ግን ያዝናል። እኔ ሁልጊዜ ትንሹን ሳጥን ነው የምመክረው።

ጀርባው ላይ የሚጻፈው

ሰው ሳጥኑን ከገለበጠ አምኗችኋል ማለት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ጆሮውን ሰጥቷል። እዚህ ላይ ያ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ያስተማረን ሰው ምን ይል እንደነበር አስቡ። "በጥንት ዘመን ሦስት መንግሥታት ነበሩ፣ ጨለማም በምድር ላይ ወረደ" ብሎ አይጀምርም። "ይሄውልህ፣ አንተ እንዲህ ነህ፤ ተራህ ሲደርስ ይህን ታደርጋለህ፤ ይህን ያደረገ ያሸንፋል" ነው የሚለው። ጀርባ ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው። ማን ነኝ፣ ምን አደርጋለሁ፣ እንዴት አሸንፋለሁ። ሦስት ወይም አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ቲኬት ቱ ራይድ ለዚህ የተመቸ ጨዋታ ነው። አላን ሙን የፈጠረው፣ በ2004 የወጣ የባቡር ጨዋታ ነው። ባለ ቀለም ካርዶች ትሰበስባለህ፣ በካርዶቹ የባቡር መስመር ትይዛለህ፣ ከተማን ከከተማ ታገናኛለህ። አለቀ። ይህን የሰማ ሰው ራሱን ሲጫወት ያየዋል። ከአሁን በኋላ የሚቀረው ስዕሉ ነው።

ስዕል ስል ጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚያሳየውን ማለቴ ነው። ጀርባው ላይ አንድ ነገር ብቻ እንዳስቀምጥ ብገደድ ጽሑፉን ትቼ ይህን ስዕል አስቀምጣለሁ። ሰሌዳው ተዘርግቶ፣ ካርዶቹ በተጫዋቾቹ ፊት፣ መሃል ጨዋታ ላይ ያለ ሆኖ መታየት አለበት። ሁሉም ነገር ተሰልፎ እንደ ዕቃ ዝርዝር ከቀረበ ግን ሕይወት የለውም። ቲኬት ቱ ራይድ ውስጥ 240 ትናንሽ የፕላስቲክ ባቡሮች አሉ። አሜሪካን አቋርጠው ተሰልፈው ሲታዩ እጅ ይበላል፤ ማንሳት ያምራል። ቁጥሩ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ይጻፋል። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበትን ነገር መቁጠር ይወዳል፤ መብቱም ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች

የተጫዋች ብዛት፣ የጨዋታው ርዝመት፣ ዕድሜ። ቲኬት ቱ ራይድ ላይ ከ2 እስከ 5 ሰው፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ ከ8 ዓመት በላይ ይላል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከስሙ ቀጥሎ ሰው የሚፈልጋቸው ናቸው። ያቺ እናት ቤት ውስጥ አራት ሆነው ሳለ ለሁለት ሰው ብቻ የሆነ ጨዋታ ገዝታ ብትገባ ልደቱ ይበላሻል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ጎላ ብለው፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በቀላል ምልክት ይቀመጣሉ። ለሰው የሰው ምልክት፣ ለጊዜ ሰዓት። አዲስ ምልክት ለመፍጠር አትድከሙ።

ዕድሜ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሳጥን ላይ "14+" ሲያዩ ጨዋታው ከባድ ነው ወይም ለልጅ የማይሆን ነገር አለበት ብለው የሚያስቡ አሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሕግ ነው። አሜሪካ በ2008 ባወጣችው የምርት ደኅንነት ሕግ መሠረት፣ በዋናነት ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ተብሎ የተሠራ ዕቃ በገለልተኛ ላቦራቶሪ መፈተሽ አለበት። ፈተናው ገንዘብ ነው። ትንንሽ አሳታሚዎች ጨዋታቸው በዋናነት ለልጆች ካልሆነ 13 ወይም 14 ጽፈው ያልፋሉ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የማይሆን አሻንጉሊት የሕፃን ፊት ያለበት፣ በቀይ ክብና መስመር የተሰረዘ ምልክት ይይዛል። አሻንጉሊቱ የአውሮፓን የደኅንነት ደንብ ማሟላቱን የሚገልጸው የሲኢ (CE) ምልክትም ቁመቱ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ዲዛይነር ለእነዚህ ቦታ ከመጀመሪያው ይተዋል። መጨረሻ ላይ ሲጨመሩ ቆንጆውን ጀርባ ያበላሹታል።

ሰዓቱን በተመለከተ አቋሜ ግትር ነው። ጨዋታው 90 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ 90 ብላችሁ ጻፉ። "45" ብሎ ጽፎ መሸጥ ይቻላል። ግን ያ ቤተሰብ እሑድ ማታ ልጆቹ እንቅልፍ እየጣላቸው ጨዋታው ግማሽ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሰማው አስቡ። ያንን ሳጥን ሁለተኛ አይከፍቱትም፤ ለሰውም አይመክሩትም። ጨዋታ ደግሞ የሚሸጠው ከሰው ወደ ሰው ነው።

ባለሱቁም ገዢ ነው

እስካሁን ስለ ደንበኛ አወራሁ። ከደንበኛው በፊት ግን ጨዋታውን የሚመርጥ ሌላ ሰው አለ። ባለሱቁ። እሱ ካልገዛው መደርደሪያው ላይ አይወጣም። ለእሱ የሚሠራው ነገር በእንግሊዝኛ "ሴል ሺት" ይባላል፤ እኔ የሽያጭ ገጽ እለዋለሁ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው ፒዲኤፍ ሆኖ ይላካል።

ይህን ገጽ ለመሥራት የገንዘቡን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው አሠራር ባለሱቅ ጨዋታን የሚገዛው ሳጥኑ ላይ ካለው ዋጋ ግማሽ አካባቢ ነው። አከፋፋዩ ደግሞ ለአሳታሚው የሚከፍለው 40 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ 40 ዶላር የሚሸጥ ጨዋታ ለአሳታሚው የሚያስገባው ወደ 16 ዶላር ነው ማለት ነው። ከዚያ ላይ ሕትመት፣ መርከብ፣ ሠዓሊ፣ የጨዋታው ፈጣሪ ድርሻ ይወጣል። የሚተርፈው ትንሽ ነው። ለዚህ ነው "ትልቅ የፕላስቲክ ማሳያ እናሠራ" የሚል ሐሳብ ሲመጣ ቆም ብሎ ማሰብ የሚያስፈልገው።

ባለሱቁ ገጹን ሲያይ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ለማን ነው የምሸጠው? የት ነው የማስቀምጠው? ምን ያህል ይቀረኛል? መቼ ይደርሰኛል? ስለዚህ የሳጥኑ ምስል፣ ዋጋው፣ የሚወጣበት ቀን፣ የምርት ኮዱ፣ የባርኮድ ቁጥሩ፣ የሳጥኑ ልክና ክብደት፣ አንድ ካርቶን ውስጥ ስንት እንዳለ ይጻፋል። ከዚያ ለደንበኛ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት። ሻጩ ስድስት መቶ ጨዋታ ተጫውቶ ሊጨርስ አይችልም። ደንበኛ ሲጠይቀው በቃሉ የሚላት ያቺኑ ነው። "ካታንን ለወደደ፣ ግን በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ" ዓይነት። የሽያጭ ገጹ ላይ የታሪኩን መግቢያ የሚጽፉ አሳታሚዎች አሉ። ባለሱቁ ለዚያ ጊዜ የለውም።

ሱቁ ውስጥ የሚቀመጡት

ፖስተር ሁሉም ይወዳል፣ ግን ግድግዳው በመደርደሪያ ስለተሸፈነ ብዙ ጊዜ የሚለጠፍበት ቦታ አይገኝም። ትንሽ መጠን ያለው፣ በር መስታወት ላይ የሚለጠፍ ይሻላል። ስለ ፖስተር ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የመደርደሪያ ጠርዝ ካርድ ግን አትናቋት። የቢዝነስ ካርድ ያህል ወረቀት ናት። ዋጋው የሚለጠፍበት ጠርዝ ላይ ትገባለች። ሳጥኑ ጎኑን አሳይቶ ቢቆም እንኳ እሷ ፊት ለፊት ትናገራለች። አንድ ዓረፍተ ነገርና ሦስቱ ቁጥሮች ይበቋታል። የሚያምረው ደግሞ ባለሱቁ በእጁ የሚጽፍበት ባዶ መስመር ሲተውላት ነው። "እኛ ሐሙስ ማታ የምንጫወተው" ብሎ ቢጽፍበት የትኛውም ዲዛይን አይበልጠውም። ሰው የሰውን እጅ ጽሑፍ ያምናል።

የባንኮኒ ማሳያ ለትናንሽ ጨዋታዎች ነው። ስድስት ወይም አሥራ ሁለት የሚይዝ ካርቶን ሆኖ ይመጣል፣ ክዳኑ በተበሳው መስመር ተቀዶ ከኋላ ይቆማል፣ ካርቶኑ ራሱ ማስታወቂያ ይሆናል። ባለሱቁ መቀስ ፍለጋ ሳይሄድ በአንድ ደቂቃ መክፈት ካልቻለ አይጠቀምበትም። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የካርድ ጨዋታ በ1993 ሲጀምር ጀምሮ የካርድ ፓኬቶቹ የሚሸጡት እንደዚህ ካለ ሳጥን ውስጥ ነው። ደንበኛው ሊከፍል ሲቆም ዓይኑ እዚያ ያርፋል፣ እጁም ቅርብ ነው።

እንደ ዶብል ያለ ጨዋታ ባንኮኒ ላይ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል። ክብ ቆርቆሮ ውስጥ 55 ክብ ካርዶች ናቸው። እያንዳንዱ ላይ 8 ምስል አለ። የትኛውንም ሁለት ካርድ ብታነሱ የሚጋሩት ምስል አንድ ብቻ ነው፣ ሁልጊዜም አንድ አለ። ሻጩ ሁለት ካርድ ፊታችሁ ያስቀምጣል። "አግኘው" ይላል። ፈለጋችሁ፣ አገኛችሁ፣ ሳቃችሁ። ደንቡን ተማራችሁ ማለት ነው። ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀም። አንዳንድ ጊዜ ጥሩ የማስተዋወቂያ ዲዛይን ማለት ሁለት ካርድ ከቆርቆሮው ውጪ እንዲቀመጥ ማሰብ ነው።

ሳጥኑ ራሱ ሥራ ሲሠራም አለ። ኤክስፕሎዲንግ ኪትንስ የተባለው የካርድ ጨዋታ በ2015 ኪክስታርተር በተባለው ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ከ219 ሺህ ሰው በላይ ደግፎት ከ8.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። የመጀመሪያው እትም ሳጥን ሲከፈት እንደ ድመት ይጮሃል። አንዱ ቤቱ ውስጥ ሳጥኑን ሲከፍት ሌላው "ምንድን ነው እሱ?" ይላል። ወሬው ከዚያ ይጀምራል።

ከሁሉም በላይ ግን የማሳያ ቅጂ ነው። አሳታሚው አንድ ጨዋታ ለሱቁ ይሰጣል፣ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ የፈለገ ይጫወታል። ጀርመን ኤሰን ከተማ ውስጥ ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ትልቁ የጨዋታ አውደ ርዕይ ለዚህ ማረጋገጫ ነው። ሰው የሚሄደው ፖስተር ለማየት አይደለም። ቁጭ ብሎ፣ የሚያስረዳ ሰው አጠገቡ ሆኖ ሊጫወት ነው። ወደ ገበጣችን ተመለስን ማለት ነው። ዲዛይነሩ እዚህ የሚሠራው የአንድ ገጽ ፈጣን መመሪያ ነው። ሙሉው የደንብ መጽሐፍ አይደለም። ሻጩ አንድ ጊዜ አንብቦ በሁለት ደቂቃ ማስጀመር የሚችልበት፣ በላሚኔሽን የተሸፈነ ወረቀት።

ሽልማት ያገኘ ጨዋታ ደግሞ ምልክቱን ሽፋኑ ላይ ይለጥፋል። የጀርመኑ "ሽፒል ዴስ ያሬስ"፣ ማለትም የዓመቱ ጨዋታ ሽልማት፣ ከ1979 ጀምሮ ይሰጣል። ምልክቱ ቀይ የጨዋታ ጠጠር ነው። ካታን በ1995፣ ቲኬት ቱ ራይድ በ2004 አግኝተውታል። ጀርመን ውስጥ በዓል ሲደርስ ያንን ቀይ ምልክት አይቶ ሌላ ሳይጠይቅ የሚገዛ ብዙ ሰው አለ። ሽፋን ስትሠሩ አንድ ጥግ ላይ ጸጥ ያለ ቦታ ብትተዉ ኋላ የሚለጠፈው የወፏን ዓይን አይሸፍንም።

በእኛ ፊደል ሲሆን

የአማርኛ ጨዋታ ሳጥን የሚሠሩ ሰዎች እየመጡ ስለሆነ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። እንግሊዝኛው በትልልቅ ፊደል የሚያጎላውን እኛ በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው የምናጎላው። ደግሞ ልዩነታችን ያለው በትንሽ ነገር ላይ ነው። በ እና ቡ የሚለያዩት በጎን ባለች ጭረት ነው። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ ከላይ ባለች መስመር። ፊደሉን ወፍራም ጠርዝ፣ ጥላና እሳት ስናለብሰው መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚያ ናቸው። ከአራት ሜትር ርቀት ላይ "ቡ" ወደ "በ" ከተለወጠ የጨዋታው ስም ሌላ ሆነ ማለት ነው። ብዙ የውፍረት ደረጃ ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ለርዕስ ይረዳል። ከዚያ በላይ ግን ርዕሱን በእጅ መሣል ነው የምመርጠው።

አንድ ያመመኝን ነገር ልንገራችሁ። የወዳጄን ሳጥን ፋይል ለአንድ ማተሚያ ቤት ስሰጥ ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ስዕል፣ አልቀየርኳቸውም ነበር። እነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ አልነበረም። የሳጥኑ ጎን ላይ ያለው ስም በባዶ አራት ማዕዘኖች ተተክቶ ታተመ። ማንም አላየውም፤ እኔም ናሙና ሳልጠይቅ ነበር ያለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ፊደል ወደ ቅርጽ ሳይቀየር ፋይል አይወጣም፤ በወረቀት የታተመ ናሙና ሳላይም "ቀጥሉ" አልልም።

የሕትመት ነገር ከተነሳ ሁለት ነገሮች ልበል። ቀለሙ ከወረቀቱ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይውጣ፣ አለበለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይቀራል። ባርኮድን ደግሞ ለማሳመር አትንኩት። መደበኛው ባለ 13 አኃዝ ባርኮድ 37.29 በ25.93 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ80 በመቶ በታች አይቀነስም። ግራና ቀኙ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በቀይ አታትሙት፤ ማንበቢያው በአብዛኛው ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀም ቀይ መስመርን እንደ ነጭ ነው የሚያየው።

ጨዋታው ውጭ ላሉ ወላጆች ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለ የሐበሻ መደብር ውስጥ የፊደል ጨዋታ የሚቀመጠው ከሌላ ጨዋታ ጎን አይደለም። ከበርበሬ፣ ከሽሮና ከቡና ጎን ነው። እዚያ ሳጥኑ "እኔ ጨዋታ ነኝ" ብሎ ከሩቅ መናገር አለበት፤ ካልሆነ እንደ ሻይ ቅጠል ይታለፋል። የሚገዛው አማርኛ የሚያነብ ወላጅ ነው፣ የሚጫወተው ምናልባት የማያነብ ልጅ ነው። ስለዚህ ፊቱ በአማርኛ፣ ጀርባው በሁለቱም ቋንቋ ይሁን። ሰዓቱን ደግሞ በእኛ አነጋገር መጻፍ ይቻላል። ቁጥሩን ጽፎ አጠገቡ "ከአቦል እስከ በረካ ያልቃል" ቢባል ያቺ ወላጅ ቤቷን፣ ቡናውን፣ ልጆቿን አንድ ላይ ታያቸዋለች። ጨዋታ በአማርኛ ወግም ማለት ነው፤ ያንን የሚያስታውስ ጀርባ ይሸጣል።

የወዳጄን ሳጥን የመጨረሻ ናሙና ይዤ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቱን አስፈቅጄ ከደብተሮቹ መሃል አቆምኩት፣ እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ሰዎች አለፉ። አንዲት ተማሪ መጣች፣ አየችው፣ አነሳችው። በሁለት እጇ ከታች ከሁለቱ ጥግ ነው የያዘችው። ፊቱን አየች፣ ገለበጠች፣ አነበበች፣ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞራ "ለስንት ሰው ነው?" አለች። ቁጥሩ ከታች በግራ ጥግ ላይ ነበር፤ ልክ አውራ ጣቷ ስር። እዚያው ሱቅ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ለወዳጄ ደወልኩና ሕትመቱን እንዲያቆይልኝ ነገርኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሦስቱን ቁጥሮች ወደ ላይ አወጣኋቸው።